ዶክቶር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምራቸው

ለዘንድሮው መጽሔታችን፥ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ዘመን ካለፋቸው ስመ ጥር ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ ጽፌ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ፥ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ዐፄ ፋሲል ወይም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደምጽፍ ገምተው ነበር። በእውነትም ጎንደር ተወልዶ፥ ግንቡን እያየ አድጎ፥ ስለ ነገሥታት ለመጻፍ የማይመኝ ተማሪ አይገኝም። እኔ ግን ግንብ ያላሠሩ፥ ሠራዊት ያልነበራቸው፥ የመጀመሪያ መሣሪያቸው አንድ ዕቃ ውሃና ጥቂት ቀንድ አውጣ ብቻ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ መርጫለሁ። እኒህም ሰው ዶክቶር አክሊሉ ለማ ናቸው። የተዋጉት ጠላት በፈረስ የሚመጣ አልነበረም፤ ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳውን ሰርስሮ የሚገባና በአንጀቱ ደም ሥር የሚሰፍር ትል ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ እርሳቸው ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት ከቤታችን ይጀምራል። አያቴ ሸማቸውን የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ፍሬውን ከአጥር ላይ ለቅመው፥ በፀሐይ አድርቀው፥ በሙቀጫ ወቅጠው በውሃ ሲበጠብጡት ነጭ አረፋ ይኰፈሳል። ለጥምቀት የሚለበሰው ነጠላና ኩታ በእንዶድ ካልታጠበ የነጣ አይመስላቸውም። እኔ ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከሆንሁ ወዲህ በዚህ ነገር አፍር ጀመርሁ። አንድ ቀን ጓደኞቼ ወደ ቤት እንደሚመጡ ባወቅሁ ጊዜ፥ የተወቀጠውን እንዶድ አንሥቼ ከጓሮ ደፋሁትና በምትኩ ከሱቅ የዱቄት ሳሙና ገዝቼ አስቀመጥሁ። አያቴ ምንም አልተናገሩኝም፤ ዝም ብለው እንደ ገና ሊለቅሙ ወጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ የባዮሎጂ መምህራችን የዶክቶር አክሊሉን ታሪክ ሲነግሩን፥ የደፋሁት ነገር ምን እንደ ነበረ አወቅሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው በእኔ ላይ ደረሰ።

የአንድን ተዋጊ ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ ጠላቱን ማወቅ ይገባል። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ከተማ የዚህ ወገን የሆነውን ትል በሰው ሬሳ ውስጥ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በደጋው አገራችን የሚገኘው ዓይነት አንጀትን የሚያጠቃው ነው። ሕመምተኛው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወደ ውሃ ይገባል። እዚያም ተፈልፍሎ በዓይን የማይታይ ጨቅላ ትል ይወጣል። ይህ ጨቅላ በቀጥታ ሰውን ሊይዝ አይችልም፤ አስቀድሞ በአንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ መግባት አለበት። በቀንድ አውጣው ውስጥ አንዱ ብዙ ሺሕ ሆኖ ይራባና፥ ፀሐይ ሲሞቅ ጅራት ያላቸው ትንንሽ ትሎች ሆነው ወደ ውሃው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ልብስ የምታጥብ እናት፥ የሚዋኝ ልጅ፥ ከብት የሚያጠጣ እረኛ ውሃ ውስጥ ቢገባ፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳውን ሰርስረው ይገቡበታል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የበለጠ ያስደንቃል። ትሉ ጅራቱን በቆዳው ላይ ጥሎ፥ ከደም ጋር ወደ ሳምባ፥ ከሳምባም ወደ ጉበት ይጓዛል። በጉበት ውስጥ አድጎ ወንዱና ሴቷ ከተጣመሩ በኋላ ወደ አንጀት ደም ሥሮች ወርደው ይቀመጣሉ። ሴቷ በየቀኑ በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። ከዚህ እንቁላል ከፊሉ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የቀረው ግን በአንጀቱና በጉበቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሰውን የሚገድለውም ይህ የተቀረቀረ እንቁላል ነው። ገላ ባዕዱን ነገር ሊከብበው ሲሞክር ጉበቱ እየጠነከረ፥ ጣፊያው እያበጠ ይሄዳል፤ ብዙ ዘመን የቈየበት ሰው ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ይነፋል። በእኛም አካባቢ በሳንጃ፥ በጣና ዳርም በጎርጎራ ይህ በሽታ መኖሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ዶክቶር አክሊሉ ለማ በ1930ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በትምህርታቸው ትጉ ስለ ነበሩ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥገኛ ተዋሕስያንና ስለሚያመጡት በሽታ አጥንተው የዶክቶርነት ማዕረግ ተቀበሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማዕረግ የነበረው ኢትዮጵያዊ ቍጥሩ በጣም ጥቂት ነበረ። በባዕድ አገር ተቀምጠው በተሻለ ደመወዝ መኖር ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ በጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ምርምራቸውም በቢልሃርዝያ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በደጋው ሕዝብ ዘንድ ቁንጭር ስለሚባለው የቆዳ በሽታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኑትን በ1969 አሳትመዋል። በመተማና በሑመራ ቆላ የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃው ካላዛርም የዚሁ በሽታ የሥጋ ዘመድ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ የሚሠራው ሥራ እርሳቸው ከጀመሩት መንገድ ጋር የሚገናኝ ነው።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ነገር የሆነው በ1964 ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበረ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው በወንዙ ዳር ሲመላለሱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ስፍራ፥ በተለይም ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ፥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው ይታያሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡትም በእንዶድ ነበረ። ይህን ነገር ከእርሳቸው በፊት ስንት ሺሕ ሰው አይቶት አልፏል! ምናልባትም ብዙ ምሁር በዚያ ወንዝ ተሻግሯል። እርሳቸው ግን ቆም ብለው ለምን ብለው ጠየቁ። መጠየቅ ብቻም አይደለም፤ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ለቅመው ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ አደረጉና የእንዶድ አረፋ ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቈዩ ሞቱ።

እንግዲህ አንድ ችኩል ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ያውጅ ነበር። ዶክቶር አክሊሉ ግን በዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ወንዝ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። በዚህ ላይ ጥቂት ብገልጽ መልካም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሳይንስ ምርምር ሁሉ የሚቆመው በዚህ ነገር ላይ ነው። የሰውን አንጀት ከፍቶ ትሉ እንዴት እንደሚገባ ማየት አይቻልም፤ ወንዝንም እንደ ብርጭቆ አንሥቶ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለእውነተኛው ነገር ምሳሌ የሚሆን ትንሽ ነገር በቤተ ሙከራ ይሠራሉ። ለወንዙ ምሳሌ የሚሆነው የመስታወት ገንዳ ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹ በዚያ ውስጥ የሰላጣ ቅጠል እየበሉ ይኖራሉ። በብርሃን ሥር ሲያስቀምጧቸው ጅራታሞቹን ትሎች ወደ ውሃው ይለቃሉ። ለሰው ምሳሌ የምትሆነው ደግሞ አይጥ ናት። ትሎቹ በማይክሮስኮፕ ከተቈጠሩ በኋላ በአይጧ ቆዳ ላይ ይደረጋሉ፤ ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላ በአንጀቷ ደም ሥር የተጣመሩ ትሎች፥ በአንጀቷ ግድግዳና በጉበቷም የተቀረቀሩ እንቁላሎች ይገኛሉ። ትሉ አንጀትን እንዴት እንደሚያጠቃ አብዛኛው እውቀት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ምሳሌ ምሳሌ ነው። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ገንዳም ወንዝ አይደለም። በገንዳ ውስጥ ጭቃ የለም፥ ጐርፍ የለም፥ ዓሣና እንቍራሪት የለም። ምሳሌው እውነቱን የሚናገረው ትክክለኛ ማነጻጸሪያ ሲኖረው ብቻ ነው። ይህን ነገር የተማርሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በራሴ ስሕተት ነው። የዶክቶር አክሊሉን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ ልቤ ተነሣሥቶ፥ ማንንም ሳላማክር ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጅረት ቀንድ አውጣዎች ለቀምሁ። ሁለት ጠርሙስ ውሃ አዘጋጅቼ በአንዱ የአያቴን እንዶድ ጨመርሁ፤ ሌላውን እንዲሁ ተውሁት። በማግስቱ ባይ በሁለቱም ጠርሙስ ያሉት ሞተዋል። እጅግ አዘንሁ። ለመምህራችን ስነግራቸው ግን ሣቁ፤ ውሃውን ያመጣሁት ከቧንቧ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። የቧንቧ ውሃ ጀርም ለመግደል ክሎሪን ስለሚገባበት ቀንድ አውጣዎቹን የገደላቸው እርሱ ሳይሆን እንደማይቀር አስረዱኝ። ሁለተኛው ጠርሙስ ባይኖር ኖሮ እንዶዱ ገደላቸው ብዬ በኵራት እናገር ነበር። ያ ያልተሳካልኝ ጠርሙስ ከውሸት አዳነኝ ማለት ነው።

ነገር ግን መምህራችን ሣቃቸውን አቋርጠው ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ቀንድ አውጣዎቹን የለቀምሁት በምን እንደ ሆነ። በባዶ እጄ፥ እስከ ጕልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ሄጄ እንድመረመር አዘዙኝ። እዚያም እንደ ነገሩኝ፥ ትሉ ገብቶብኝ ቢሆን እንኳ እንቁላል እስኪጥል ብዙ ሳምንት ስለሚፈጅ የዚያን ቀን ምርመራ በቂ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ እንደ ገና መመለስ ነበረብኝ። እነዚያ ሁለት ወራት ረጅም ነበሩ። ሆዴን በቈረጠኝ ቍጥር ያነበብሁት ሁሉ ትዝ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ምንም አልተገኘብኝም። ነገር ግን በየቀኑ ሌላ ውሃ ስለሌላቸው ብቻ በዚያው ጅረት የሚገቡትን ልጆች እያሰብሁ፥ ለእኔ የሁለት ወር ሥጋት የሆነው ነገር ለእነርሱ የዕድሜ ልክ እንደ ሆነ ተረዳሁ። የዶክቶር አክሊሉም ሥራ ለመጽሐፍ የተሠራ ሳይሆን ለእነዚህ ልጆች የተሠራ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ታሪካቸው ልመለስ። ዶክቶር አክሊሉ ከዐድዋ ተመልሰው የእንዶዱን ፍሬ በቤተ ሙከራ አድርቀው፥ ፈጭተው፥ በውሃ አቅጥነው በየመጠኑ ፈተኑት። እጅግ በቀጠነ ጊዜ እንኳ ቀንድ አውጣውን በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚገድለው አረጋገጡ። የመጀመሪያውን አጭር ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ፤ በቤተ ሙከራና በወንዝ ያደረጉትን ሰፊ ፈተና ደግሞ በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አሳተሙ። በ1966ም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ይህ ተቋም የተመሠረተው ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን በሽታ በራሳቸው አገር፥ በራሳቸው እጅ እንዲያጠኑ ነው። እንዶድም ጉድለት የለውም አይባልም። ቀንድ አውጣውን ይገድላል እንጂ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ እየደጋገሙ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣንም ይጐዳል። በሌላ በኩል ግን በውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቈይ ኃይሉን አጥቶ ስለሚበሰብስ መርዙ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ከሁሉም በላይ በድኻው ሰው አጥር ላይ የሚበቅል ነው።

ከዕቃ ወደ ቤተ ሙከራ፥ ከቤተ ሙከራም ወደ ወንዝ ከደረሱ በኋላ የቀረው ከባዱ ፈተና ነበረ። ይኸውም ቀንድ አውጣ በመሞቱ የሰው ልጅ በእርግጥ ከበሽታው ይድናል ወይ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ነገሩ ወደ ተጀመረበት ወደ ዐድዋ ተመለሱ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ አምስት ዓመት ሙሉ፥ 17,000 ያህል ሰው በሚኖርበት በዚያ ከተማ ወንዞቹ በእንዶድ እንዲታከሙ ተደረገ። በዚህም ጊዜ በትንንሾቹ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረደ። አንባቢ ሆይ፥ ስለ ሕፃናቱ ለይቼ የተናገርሁት በምክንያት ነው። ትሉ በሰው ገላ ውስጥ ብዙ ዓመት ሊኖር ስለሚችል፥ ወንዙ ቢጸዳም በሽማግሌው ሆድ ያለው ትል በዚያው ይቈያል። በቅርብ የተወለደ ሕፃን ግን የወንዙ እውነተኛ ምስክር ነው፤ ወንዙ ከጸዳ እርሱ ንጹሕ ሆኖ ያድጋል። እንግዲህ የዐድዋ ሕፃናት ጤንነት ለዚያ በዕቃ ውስጥ ለተደረገው የመጀመሪያ ፈተና የመጨረሻ መልስ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ዓለም በሙሉ እጁን ዘርግቶ እንዶድን ይቀበላል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። በዚያ ዘመን ቀንድ አውጣን ለመግደል የሚፈቀደው በውጭ አገር ፋብሪካ የሚሠራና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል ነበረ። እንዶድ ደግሞ በሰፊው ሥራ ላይ እንዲውል ከመፈቀዱ በፊት፥ ለሰውና ለእንስሳ የማይጐዳ መሆኑ በታወቁ ትላልቅ ቤተ ሙከራዎች መረጋገጥ አለበት ተባለ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበረ፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ ግን ለብዙ ዓመት አልተገኘም። ዶክቶር አክሊሉን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናቸው፥ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ እስኪደገም ድረስ እንደ ውጤት አለመቈጠሩ ነበረ። ይህንንም በየስብሰባው ከመናገር አልቦዘኑም። እኔም ይህን ሳነብ በጓሮ የደፋሁት እንዶድ ትዝ አለኝ። የገዛ ልጁ የናቀውን ነገር ባዕድ ቢንቀው ምን ያስደንቃል?

ዶክቶር አክሊሉ ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ ብቻቸውንም አልሠሩም። ከረዳቶቻቸው ሁሉ ስሙ ሊዘነጋ የማይገባው ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እኒህ የዕፀዋት ሊቅ ከልዩ ልዩ ስፍራ 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው፥ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥ፥ የትኛው ተባይን እንደሚቋቋም፥ የትኛው ቀንድ አውጣን አጥብቆ እንደሚገድል ለብዙ ዓመት እያነጻጸሩ አጠኑ። ከእነርሱም በቍጥር 44 የተሰየመው የተመረጠ ሆኖ ተገኘ። ምርምሩ ከአገራችንም አልፎ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተስፋ ስለ ሰጠ፥ በ1983 በዛምቢያ በሉሳካ ከተማ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ስብሰባ ተደረገ። በ1989 ደግሞ ዶክቶር አክሊሉና ዶክቶር ለገሠ ብዙ ሰው አማራጭ የኖቤል ሽልማት ብሎ የሚጠራውን የስዊድኑን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። በዐድዋ ወንዝ ዳር ከተደረገው ፈተና እስከዚያ ቀን ድረስ 25 ዓመት አልፎ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በ1990 ሌላ ነገር ተከተለ። በሰሜን አሜሪካ በታላላቆቹ ሐይቆች ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ ትንሽ ዛጐል ለበስ እንስሳ ተራብቶ የፋብሪካዎችንና የከተሞችን የውሃ ቧንቧ ይዘጋ ነበር። ዶክቶር አክሊሉ በኦሃዮ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ ይህንን እንስሳ ይገድለው እንደ ሆነ ተፈተነ፤ ገደለውም። ከዚያም ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አጠቃቀም የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። በዚህ ምክንያት የእንዶድ ባለቤት ማን ነው፥ ጥቅሙስ ለማን ይገባል የሚል ብዙ ክርክር ተነሣ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ድረስ የዕፀዋት እውቀት ላላቸው ድኻ አገሮች ሁሉ ትልቅ ጥያቄ ነው። እኔ በዕድሜዬ ልፈርድ አልችልም፤ ነገር ግን በመዝገብ ላይ ስማቸው ያልሰፈረ ስንት የዐድዋና የጎንደር እናቶች በዚህ እውቀት ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው አስባለሁ።

ዶክቶር አክሊሉ በኋለኛው ዕድሜያቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠርተዋል። በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከልም ምክትል ዳይሬክተር ሆነው አገልግለዋል። በዚህም ሥራቸው ቢሆን ጉዳያቸው ያው የሕፃናት ጤና ነበረ። በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በአዲስ አበባ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተብሎ በስማቸው ይጠራል። ከእንዶድ የተገኘው ገዳይ ንጥረ ነገርም በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሎአል። አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ ስሙን በድንጋይ ላይ ሊያስጽፍ ይችላል፤ ስሙ በዕፅ ውስጥ የተጻፈለት ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ቢልሃርዝያን የሚያድን ፕራዚኳንቴል የሚባል እንክብል አለ። በአገራችንም ከ2015 ጀምሮ በሽታው ባለባቸው ወረዳዎች ይህ መድኃኒት በትምህርት ቤት ለሕፃናት በዘመቻ ሲሰጥ ቈይቷል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ልጆችም ድነዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው እንዶድ ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። ነገር ግን እንክብሉ የሚገድለው በሆድ ያለውን ትል ነው፤ በወንዝ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም። ልጁ ዛሬ ድኖ ነገ ወደዚያው ውሃ ቢመለስ በሽታው እንደ ገና ይይዘዋል። መጸዳጃ ቤት፥ ንጹሕ የመጠጥና የማጠቢያ ውሃ፥ የወንዙም መታከም ከመድኃኒቱ ጋር ካልተባበሩ ድሉ ፍጹም አይሆንም። ዶክቶር አክሊሉ ከሰው ሆድ ይልቅ ወደ ወንዙ የተመለከቱት ለዚህ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከእኒህ ሰው ታሪክ እኔ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ በየዕለቱ የምናየውን ነገር እንዳዲስ ማየት ነው፤ ለቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ዕቃ ማይክሮስኮፕ ሳይሆን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ልብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ የምንወደው ነገር እውነት መስሎ ስለ ታየን ብቻ እውነት ነው አለማለት ነው። ዶክቶር አክሊሉ የእናቶችን እውቀት አከበሩ፤ ነገር ግን ስላከበሩት ብቻ ሳይፈትኑ አላለፉትም። በዕቃ ፈተኑት፥ በቤተ ሙከራ ፈተኑት፥ በወንዝ ፈተኑት፥ አምስት ዓመትም በከተማ ሕዝብ መካከል ፈተኑት። የባህልን እውቀት ማክበር ማለት እንደዚህ ይመስለኛል፤ እንደ እኔ መድፋትም አይደለም፥ ሳይመረምሩ ማወደስም አይደለም።

ወላጆችና መምህራንም በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንዲፈቅዱልን እለምናለሁ። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ አንድ የመስታወት ገንዳ፥ ጓንትና ቦት ጫማ ቢገኝልን፥ ያለ መምህር ማንም ወደ ጅረት እንዳይገባ ደንብ አውጥተን፥ በአካባቢያችን ባሉት ወንዞች የሚገኙትን ቀንድ አውጣዎች ቈጥረን መመዝገብ እንችላለን። ውሃውንም በዚህ ጊዜ ከቧንቧ አላመጣም።

አያቴን ግን ይቅርታ የጠየቅኋቸው ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ነው። ስለ ዶክቶር አክሊሉ፥ ስለ ቀንድ አውጣውና ስለ ዐድዋ ሕፃናት ያነበብሁትን ሁሉ ተቀምጬ ነገርኋቸው። በጸጥታ አዳመጡኝ፤ ሲጨርሱም ቅርጫቱን ሰጡኝና እንዶድ ልለቅም ወደ አጥሩ ላኩኝ።